ከልጅ ልጄ ጋር በሳቫና የድሮ ቤቶች

ልጄ አትላንታ ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ ደግሞ እሷን ለመጠየቅ ባሕር ስሻገር ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጉዞዬ ያየሁት አሜሪካ የሕፃን አልጋ፣ የገንፎ ድስትና የሳሎን መስኮት ነበር። ልጇን ልታርስ የሄደች እናት ሌላ ምን ታያለች? አሁን ግን ልጆቹ አድገዋል፤ ትልቋ፣ ቤት ውስጥ ሚጣ የምንላት፣ አሥር ዓመት ሞልቷታል። የመጋቢት የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ልጄ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮስ ሳሎን ተቀምጠሽ አትመለሺም፤ ሳቫናን እናሳይሻለን» አለችኝ። ባለቤቷ መኪናውን አስነሳ። እኔ ከፊት፣ እናትና ልጆች ከኋላ ሆነን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቀናን። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አራት ሰዓት ያህል ያስነዳል።

ሳቫና በጆርጂያ ግዛት፣ በወንዝ ዳር የተቀመጠች ወደብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1733 ጄምስ ኦግልቶርፕ የተባለ እንግሊዛዊ ቆረቆራት። በእኛ አቆጣጠር እንያዘው ካልን፣ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ አገር የሚያስተዳድሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ለአሜሪካኖቹ ይህ እጅግ የጥንት ነው፤ እኔም ፋሲል ግንብን እያሰብኩ መጀመሪያ ላይ በሆዴ ፈገግ ብዬ ነበር።

ፈገግታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከተማዋ ታምራለች። ኦግልቶርፕ መንደሩን ሲቀይስ በየጥቂት መንገዱ አንድ አነስተኛ አደባባይ እየተወ ነው፤ ከጊዜ በኋላ 24 ደርሰው ነበር፣ ዛሬ 22ቱ አሉ። እያንዳንዱ አደባባይ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበርና ጥላ አለው። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ ከተማ አላየሁም፤ ከአንዱ ወንበር ተነስታችሁ ትንሽ ስትራመዱ ሌላ ወንበር ትደርሳላችሁ። ከዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ረጃጅም ግራጫ ነገር ይንዠረገጋል፤ በእኛ ደጋ ወይራና ጥድ ላይ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት ይመስላል። እነሱ «የስፔን ሽበት» እንደማለት ያለ ስም ሰጥተውታል። ነገሩ ግን ከስፔን የመጣም አይደለም፤ ዘመዱ አናናስ ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እውነት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጎበኘነው የዴቨንፖርት ቤት የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 አይዛያ ዴቨንፖርት የተባለ ግንበኛ ለራሱ ቤተሰብ የሠራው የቀይ ጡብ ቤት ነው። በኋላ ዘመን ተከፋፍሎ ለብዙ ድሃ ቤተሰቦች ተከራየ፣ አረጀ፣ ተጎሳቆለ። በ1954 በከተማዋ መካከል የነበረው የድሮ ገበያ ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ፈረሰ። በዓመቱ ይኸው ቤት ተራ ደረሰው፤ እሱም ለመኪና ማቆሚያ ሊፈርስ ሆነ። ሰባት ሴቶች ተሰባስበው 22,500 ዶላር አዋጡና ገዝተው አተረፉት። ዛሬ ድረስ የከተማዋን አሮጌ ቤቶች የሚታደገው ማኅበር የተወለደው ከዚያ ነው። ያ ገበያ የፈረሰለት የመኪና ማቆሚያስ? እሱም ራሱ በተራው ፈረሰና ቦታው እንደገና አደባባይ ሆነ። ፒያሳ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ስሰማ ያሰብኩትን አንባቢ ይገምተው።

እዚህ ላይ ልጅ ይዞ ለሚሄድ አያት ጥቂት ነገር ላቀብል። በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትጎብኙ፤ ሦስተኛው ላይ ልጆቹ «ይህ ወንበር እንዳይነካ፣ ያ መጋረጃ እንዳይነካ» ይሰለቻቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር እኛንም ይሰለቸናል። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ጎብኚ በሰዓት እየተመደበ ስለሚገባም ትኬት ቀድሞ መያዝ ይሻላል። ወንዙ ዳር የሚወርደው መንገድ የተነጠፈበት ድንጋይ ከድሮ መርከቦች የተራገፈ ነው፤ መርከቦቹ ጭነት ሳይኖራቸው ሲመጡ እንዳይገለበጡ ይዘውት የሚመጡት ድንጋይ ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ ሲረግጡት ግን ቁርጭምጭሚት ይፈታል። ተረከዝ ያለው ጫማ አይሞከርም። እኔ ሁዳዴን እየጾምኩ ስለነበር ምሳ ላይ ይቸግረኛል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ሩዝና ባምያ አልጠፋም። ባምያም ሆነ ሩዙን በዚያ ረግረግ ዳርቻ የማብቀሉ ጥበብ ከአፍሪካ ተይዘው ከመጡት ሰዎች ጋር የተሻገረ መሆኑን ያወቅኩት ግን በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያየነው የኦውንስ ቶማስ ቤት ይባላል። ጉብኝቱ የሚጀምረው በፊት በር አይደለም፣ በጓሮ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ አትክልት ቦታ አለ፤ ከአትክልቱ ማዶ ፎቅና ምድር ያለው የጡብ ቤት ቆሟል። ግማሹ የፈረስና የሠረገላ ማደሪያ፣ ግማሹ ባሮቹ የሚያድሩበት ነበር። ለረጅም ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እንዲህ ያሉ ቤቶች ሲጎበኙ «አገልጋዮቹ» እየተባለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፍ ነበር። እዚህ ግን ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የቤቱን ስም ራሱን ለውጦ «የኦውንስ ቶማስ ቤትና የባሮች ማደሪያ» ብሎታል።

አስጎብኚያችን ወጣት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ቀና ብለን ጣሪያውን እንድናይ ጠየቀችን። የጣሪያው እንጨት ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ አልፎ አልፎ ተልጧል፣ አብዛኛው ግን አለ። ከኢንዲጎ ተክል፣ ከኖራና ከአሬራ በጥብጠው የቀቡት እዚያ ያድሩ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ክፉ መንፈስ ሰማያዊውን ሲያይ ውኃ ወይም ሰማይ መስሎት አይገባም ይሉ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ከአራስ ትራስ ሥር የሚደረገው ብረት ነው። ልጄን ባረስኩ ጊዜ እኔም ከወጥ ቤት ቢላዋ ወስጄ ከትራሷ ሥር ሸጉጬ ነበር፤ ባለቤቷ ሲያገኘው ደንግጦ ምን ሊፈጠር እንደነበር ሌላ ቀን እጽፈው ይሆናል። የዚያን ክፍል ሰዎች በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማውቃቸው ሰዎች ያሰብኳቸው በዚያ ጣሪያ ምክንያት ነው።

ሚጣ ስም ፈለገች። የተኙበት ይህ ነው፣ የሠሩት ይህ ነው፤ ማን ማን ነበሩ? አለች። አስጎብኚዋ ከቤተሰቡ ደብዳቤና ከሽያጭ ወረቀት ስማቸው የተገኘ እንዳሉ፣ ያልተገኙት ግን እንደሚበዙ ነገረቻት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 ሕዝብ ሲቆጥር ባሮችን በተለየ መዝገብ ነው ያሰፈራቸው፤ በባለቤታቸው ስም ሥር ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይጻፋል። የራሳቸው ስም አይጻፍም። ሚጣ የራሷን ዕድሜ አሰላችና፣ «ስለዚህ እኔ ብሆን ‹ሴት፣ አሥር፣ ጥቁር› ነው የምባለው?» አለች። አስጎብኚዋ አዎን አለቻት።

ከዚያ ወደ ትልቁ ቤት ገባን። ቤቱን የነደፈው ዊልያም ጄይ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ሲሆን ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው። አሠሪው ሪቻርድ ሪቻርድሰን ባንክ የሚመራ፣ በባሪያ ንግድም እጁ የነበረበት ሰው ነበር፤ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይኖርበት ኪሳራ ገጥሞት ቤቱ ከእጁ ወጣ። በ1830 ጆርጅ ኦውንስ የተባለ ጠበቃ ገዛው፤ የልጅ ልጁ በ1951 ለሙዚየም እስካወረሰችው ድረስ በቤተሰቡ እጅ ቆየ። ፎቁ ላይ የፊቱንና የኋላውን ክፍል የሚያገናኝ፣ ከደረጃው በላይ የተዘረጋ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ልጆቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት። በጎን በኩል ካለው ሰገነት ላይ ሆኖ የፈረንሳዩ ጄኔራል ላፋዬት እ.ኤ.አ. በ1825 ለሕዝብ ንግግር አድርጓል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቧንቧው ነው። የዝናብ ውኃ በማጠራቀሚያ ተይዞ በየክፍሉ ይወርድ ነበር፤ መታጠቢያ ነበራቸው፣ የውኃ መጸዳጃ ነበራቸው። ዋይት ሐውስ እንኳ የቧንቧ ውኃ የገባለት በ1833 ነው። ይሁንና ቧንቧው ውኃ ያወርዳል እንጂ አያፈላም፣ ገንዳም አያጥብም። ምድር ቤት ወርደን ምድጃውን፣ የልብስ ማጠቢያውን ስናይ የማን ክንድ እንደነበረ ግልጽ ነው። ከላይኛው ፎቅ የኋላ መስኮት ላይ ቆማችሁ ብትመለከቱ ደግሞ ያ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ማደሪያ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ ጌቶቹ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ ከዚያ ሆነው ያዩ ነበር።

ወጥተን ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ፣ በኦግልቶርፕ ስም በሚጠራው፣ ወንበር ላይ ዐረፍን። (ኦግልቶርፕና ባልደረቦቹ ቅኝ ግዛቱን ሲመሠርቱ ባርነትን ከልክለው ነበር፤ ክልከላው የቆየው እስከ 1751 ብቻ ነው።) ሚጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ «አያቴ፣ እኛም ባሪያ ነበርን?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ቀና ብዬ ተቀመጥኩና እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም ገዝቶን እንደማያውቅ፣ የአባቴ አያት ዓድዋ ዘምተው እንደተመለሱ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትምህርት ቤት «ጥቁር» ሲሏት አንገቷን እንዳትደፋ ብዬ ብዙ ጊዜ የማወራላት ወሬ ነው። በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «እሺ፤ እና ባሪያ ነበረን?» አለች።

እንግሊዝኛና አማርኛ ስለምትቀላቅል መጀመሪያ የሰማኋት አልመሰለኝም። ደገመችው። እኔም፣ «ፀሐዩ በረታ፣ እስቲ ውኃ ጠጪ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግሪን ሜልድሪም ቤት ሄድን። የእንግሊዝ ተወላጅ የሆነ የጥጥ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ያሠራው፣ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ንብረት የሆነ ትልቅ ቤት ነው። ጄኔራል ሸርማን በእርስ በርሱ ጦርነት ከተማዋን በታኅሣሥ 1864 ሲይዝ ያረፈው እዚህ ነው፤ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ሳቫናን የገና ስጦታ አድርጌ አቅርቤልሃለሁ የሚለውን ዝነኛ ቴሌግራም የላከው ያኔ ነው። ለእኔ ግን ከቴሌግራሙ የበለጠው በጥር 12 ቀን 1865 የሆነው ነው። ሃያ ጥቁር ሰባኪዎች እዚህ ቤት ፎቅ ላይ ከሸርማንና ከጦር ሚኒስትሩ ጋር ተቀመጡ፤ ነፃ የወጣው ሕዝባችሁ ምን ይፈልጋል ተብለው ተጠየቁ። አፈ ጉባኤ ሆነው የተናገሩት ጋሪሰን ፍሬዚየር የተባሉ የ67 ዓመት ሽማግሌ ናቸው። መሬት ስጡንና በራሳችን ጉልበት አርሰን እንኑር የሚል ነበር መልሳቸው። ከአራት ቀን በኋላ ለየቤተሰቡ እስከ 40 ኤከር እንዲሰጥ ትእዛዝ ወጣ፤ 16 ሄክታር ግድም ነው፣ በድሮው ልኬታችን ግማሽ ጋሻ አይሞላም። ዓመቱ ሳያልቅ ሊንከንን የተካው ፕሬዚዳንት ትእዛዙን ሻረውና መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች ተመለሰ።

እኚህ ሽማግሌ ራሳቸውንና ሚስታቸውን ከባለቤታቸው የገዙት በ1,000 ዶላር ወርቅና ብር ነው። ሚጣ ይህ አልገባ አላት። «ሰው ራሱን ከገዛ ገንዘቡን ለማን ይከፍላል?» ብላ አባቷን አስጨነቀችው። እሱ ሲያስረዳ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ ጠዋት የተውኩት ጥያቄ አብሮኝ እየዞረ ነበር።

ማታ ሆቴል ውስጥ፣ ታናናሾቹ ሲተኙ፣ ሚጣን አልጋዬ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት።

ጎጃም ውስጥ አያቴ ቤት ነው ያደግኩት፤ ፒያሳ የመጣነው በኋላ ነው። እልፍኙ ከፊት፣ ማድ ቤቱ ከኋላ ነበር። ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ታድር ነበር። ልጅ ሳለች ከዓባይ ማዶ፣ ከሩቅ ምዕራብ፣ በነጋዴ ተይዛ መጥታ ለቅድመ አያቴ የተሸጠች ናት። እኔ በተወለድኩ ጊዜ ባርነት በአዋጅ ከቀረ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አዋጁ በ1934 ዓ.ም. ነው የወጣው። እሷ ግን የት ትሄዳለች? አገሯን ረስታለች፣ ቋንቋዋ ጠፍቷታል፤ እዚያው ቀረች። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እህል ፈጭታ፣ ውኃ ቀድታ፣ እኛ በልተን ስንነሳ ነው የምትበላው። ስትሞት እኔ አዲስ አበባ ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ የተቀበረችበትን አላውቅም።

ስለ እሷ በተነሳ ቁጥር በቤታችን የሚባል አንድ ነገር አለ፤ «እሷማ እንደ ቤተሰብ ነበረች»። እኔም ለልጆቼ እንዲሁ እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ያን ማታ ግን አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። የሳቫና ጌቶች ልጆችም ስለ ሞግዚቶቻቸው እንደዚያው ይሉ እንደነበር አስጎብኚዋ ጠዋት ነግራን ነበር፤ በሰማሁ ጊዜ ራሴን ነቅንቄያለሁ።

ልጄ ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ የመጨረሻውን ሰማች። ደስ አላላትም። ሚጣን ወደ አልጋዋ ከላከች በኋላ በሹክሹክታ፣ «እማዬ፣ እዚህ አገር ጥቁር ሆና ነው የምትኖረው። የምትኮራበት ነገር እንዲኖራት ስለፋ፣ ይኼን ምን አመጣው?» አለችኝ። አልተቆጣኋትም፤ ልጅ ማሳደጉን የያዘችው እሷ ናት። ዓድዋን አልወሰድኩባትም፣ የጠየቀችኝን ነው የመለስኩላት አልኳት። አልተስማማንም። መብራቱን አጥፍተን ሁለታችንም ብዙ ሰዓት ሳንተኛ ቆየን። አሁንም ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ አልምልም፤ ሁለት ዓመት ብጠብቅ ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የእናንተ የልጅ ልጅ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉት ነበር?

በማለዳው ከመመለሳችን በፊት አንድ ቤተ ክርስቲያን አየን፤ ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1859 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ባሮቹ ቀን ለጌቶቻቸው ሠርተው ማታ ማታ የገነቡት ነው ይባላል። ከወለሉ ሥር የሚያመልጡ ሰዎች ይደበቁበት ነበር ብለው ምእመናኑ የሚተርኩለት፣ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት። ሚጣ ተንበርክካ ጣቷን በአንዱ ቀዳዳ አስገባች።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «አያቴ፣ ያቺ ሴት ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

የምንጠራትን ነገርኳት። እዚህ አልጽፈውም፤ ቅድመ አያቴ ያወጡላት፣ ሲጠሯት እሷ የተወሰነ መልስ እንድትመልስበት ተብሎ የወጣ ስም ነው። ሚጣ፣ «እሱ አይደለም፤ የራሷ» አለች። አላውቀውም። የአባቷንም ስም አላውቅም። እኔ እስከ ሰባት ትውልድ አያቶቼን መቁጠር የምችል ሴት ነኝ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። እሱም የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ስም ነው። ትንሽ አሰበና ደብረ ማርቆስ ያለች የአክስታችን ልጅ ታውቅ ይሆናል፣ በመጨረሻ ያስታመመቻት እሷ ናት አለኝ። ዘጠና ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጆሮዋ ስለደከመ በስልክ አይሆንም፤ ፊት ለፊት መሄድ አለብኝ። ሚጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትደውል ከሰላምታ ቀድማ የምትጠይቀኝ መቼ እንደምሄድ ነው። ከፋሲካ በኋላ ብያታለሁ።